«አልቀዋል አይደል እንዴ?»



ባለፈው ሴሚስተር የመጨረሻው ፈተና ባለቀበት ማታ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ስድስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን «ዊንድ ሪቨር» የተባለውን የ2017 ፊልም አየን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ምሥራቅ ሾሾኒና ሰሜን አራፓሆ የተባሉ ሁለት ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት ሪዘርቬሽን ውስጥ ነው። አንዲት ወጣት በባዶ እግሯ በረዶ ላይ ሮጣ ሞታ ትገኛለች። ፊልሙ ሲያልቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ወንድማችን፣ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ የሆነና ከሁላችንም በላይ የሚያነብ ልጅ፣ «ቆይ ግን፣ እነዚህ ሰዎች አልቀዋል አይደል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ሳቅንበት። ነገር ግን «አላለቁም» ካልነው በኋላ ስንት ናቸው፣ የት ነው ያሉት፣ ሪዘርቬሽን የሚባለው ነገርስ ምንድን ነው ሲል ከአምስታችን አንዳችንም በቅጡ መመለስ አልቻልንም። ገና አሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለነሱ አይተን!

መልሱን ኋላ ፈልገን አገኘነው። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት በይፋ የሚያውቃቸው ነባር ሕዝቦች ከ570 በላይ ናቸው። ሪዘርቬሽኖቹ ከ300 በላይ ሲሆኑ፣ ትልቁ የናቫሆዎች (እነሱ ራሳቸውን «ዲኔ» ይላሉ) ወደ 70 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሩዋንዳና ብሩንዲ ተደምረው አያክሉትም። ሪዘርቬሽን የስደተኛ ካምፕ አይደለም። በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ዘመን በውልና በጠመንጃ ተገፍተው የቀረላቸው መሬት ነው። ያም ቢሆን በኋላ ተሸርሽሯል፤ በ1887 የወጣ ሕግ የጋራ መሬታቸውን በነፍስ ወከፍ ከፋፍሎ «ትርፍ ነው» የተባለውን ለሰፋሪዎች ከፈተ። 138 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የነበረው መሬት በ1934 ወደ 48 ሚሊዮን ወረደ። ዛሬ በእነዚህ ቦታዎች ላይ የራሳቸው ምክር ቤት፣ የራሳቸው ፍርድ ቤት፣ የራሳቸው ፖሊስ፣ የራሳቸው ኮሌጅ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ።

ታዲያ ወንድማችን «አልቀዋል» የሚለውን ከየት አመጣው? ከዚያው ከፊልም ነው። ሁላችንም ልጅ ሳለን በዱላ ካውቦይ ተጫውተናል፤ «ቀይ ሕንድ» ሁን ሲባል ደግሞ ሁሉም ያኮርፋል፤ ምክንያቱም ቀይ ሕንድ የሆነው ልጅ ሁልጊዜ ይሞታል። ስማቸውን እንኳ የያዝነው በስህተት ነው። ኮሎምበስ ሕንድ አገር የደረሰ መስሎት የሰጣቸውን ስም እኛም እስከ ዛሬ እንጠራበታለን።

ፊልም ማየት ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን፤ እዚህ አንከፍተውም። የምናይ እያየን ነውና ስለምናየው እንነጋገር።

ነገሩን ለመመዘን ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሜት (ጊባ) ምን እንደሆነ ሲያስረዱ፣ ወንድምህ የማይወደውን ነገር በሌለበት ማንሳት እንደሆነ ተናግረዋል። የተባለው ነገር እውነት ቢሆንስ ተብለው ሲጠየቁ፣ እውነት ሲሆን ነው ሐሜት የሚባለው፣ ውሸት ከሆነማ ቡህታን ነው የሚል መልስ ሰጥተዋል። ሐዲሡ በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ይገኛል፤ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የፊቅሁን ዝርዝር ለባለቤቶቹ እንተወውና መለኪያውን ብቻ እንዋስ። ሆሊዉድ ስለ ነባር ሕዝቦች የሠራው መጀመሪያ ቡህታን ነበር፤ ኋላ ላይ ሲያፍር ወደ ሐሜት ተሻገረ።

ቡህታኑን ለማየት የጆን ፎርድን ፊልሞች ማንሳት ይበቃል። በ1939 «ስቴጅኮች»ን የቀረጸው በአሪዞናና በዩታ ወሰን ላይ ባለው ሞኑመንት ቫሊ ነው፤ እነዚያ ከሜዳው ብቻቸውን ተነሥተው የቆሙ ቀያይ ዐለቶች ያሉበት ቦታ። ዛሬ «ካውቦይ» ሲባል በሁላችንም ዐይን የሚመጣው ያ ሥዕል ነው። ቦታው የሚገኘው ግን በናቫሆዎች ሪዘርቬሽን ውስጥ ነው። ናቫሆዎቹ ከቤታቸው ተጠርተው በፈረስ ተቀምጠው በ«ስቴጅኮች» አፓቼ፣ በ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» ደግሞ ኮማንቼ ሆኑ። የኮማንቼዎቹን አለቃ ሆኖ የተወነው በርሊን የተወለደ ሄንሪ ብራንደን የሚባል ተዋናይ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሪዘርቬሽኑ ለአሥርተ ዓመታት በዓለም ሁሉ ሲኒማ ታየ፣ ግን አንድም ሰው ሪዘርቬሽን ማየቱን አላወቀም። ባለቤት የሌለው ምድረ በዳ መስሎ ቀረበ። ሰዎቹ በገዛ ግቢያቸው የሌላ ሕዝብ ወራሪ ሆነው ሲወድቁ ዋሉና ማታ ወደ ቤታቸው ገቡ። ያ ቤት ግን በፊልሙ ውስጥ የለም።

ኋላ የመጣው በ1990 የወጣውና 7 ኦስካር የወሰደው «ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ» ነው። ይኼኛው ፊልም ጥሩ ሐሳብ ነበረው። ላኮታዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፣ ይስቃሉ፣ ያዝናሉ፤ ሰው ናቸው። ግን ታሪኩ በ1860ዎቹ ላይ ነው፤ ሲያልቅም ስክሪኑ ላይ በሚነበብ ጽሑፍ የዚያ ሕዝብ የፈረስ ዘመን እንዳከተመ ነግሮን ይሰናበተናል። ተመልካች እንባውን ጠርጎ ይተኛል። ፊልሙ በአብዛኛው የተቀረጸው በደቡብ ዳኮታ ነው። ያው ግዛት ውስጥ ደግሞ ፓይን ሪጅ፣ ሮዝበድ፣ ስታንዲንግ ሮክ የሚባሉ የላኮታ ሪዘርቬሽኖች አሉ፤ ልጆቻቸው ያንኑ ፊልም በቴሌቪዥን አይተዋል። የወንድማችን «አልቀዋል» እንግዲህ ከጠላት ፊልም የመጣ አይደለም። ከወዳጅ ነው የመጣው።

ወደ ሐሜቱ እንምጣ፤ የእኛም ጭቅጭቅ የበዛው እዚህ ላይ ነበር። የዘመኑ ፊልሞች ነባር ሕዝቦችን አይሰድቡም። ያዝኑላቸዋል። ግን መቼ ነው የሚሄዱባቸው? በ1992 «ተንደርሃርት» ላይ ሰው ይገደልና ኤፍቢአይ ወደ ሪዘርቬሽን ይመጣል። በ2017 «ዊንድ ሪቨር» ላይ አስከሬን ይገኝና ኤፍቢአይ ይመጣል። በ2023 ማርቲን ስኮርሴዚ በሠራው «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» ላይ በ1920ዎቹ ለነዳጅ ገንዘባቸው ሲባል የተገደሉት ኦሴጆች ይነሡና በመጨረሻ የያኔው ኤፍቢአይ ይመጣል። የምናውቀው ሪዘርቬሽን አስከሬን የተገኘበት ሪዘርቬሽን ነው። ማንም ሰው ወደዚያ ለሠርግ ሄዶ አያውቅም።

«ዊንድ ሪቨር» ውስጥ የምትሞተው ልጅ አራፓሆ ናት፣ የሚያለቅሰው አባቷም አራፓሆ ነው። ፈልጎ የሚያገኘውም የሚበቀለውም ግን ነጭ አዳኝ ነው። ፊልሙ የሚያሳየው ውሸት አይደለም፤ ይኼን ልንክድ አንችልም። መጨረሻ ላይ የጠፉ ነባር ሴቶች ስታቲስቲክስ እንደማይያዝ ይነግረናል፤ የጠፉና የተገደሉ ሴቶች ጉዳይ እውነተኛ ቁስል ስለሆነም በ2020 ኮንግረስ ስለዚሁ ሁለት ሕጎች አውጥቷል። ለፊልሙ ገንዘብ ካወጡት አንዱ በሉዊዚያና ያለው የቱኒካ ቢሎክሲ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን ሁለቱ «እንዲህ ያለውን ፊልም ሐሜት ማለት በደል ነው» ብለው ተከራከሩ።

ግማሽ መንገድ እንስማማለን። ግን አንድ ነገር ተመልከቱ። ከፊልሙ ስንወጣ በልባችን የቀረው ብርዱና በረዶው ነው። ቦታው ራሱ የተረገመ፣ ሰዎቹም ለሐዘን የተፈጠሩ መሰሉን። ቁስሉ እንዲያመረቅዝ ያደረገው ግን በረዶው አይደለም። በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የነባር ሕዝቦች ፍርድ ቤቶች ነባር ያልሆነ ሰው በመሬታቸው ላይ ወንጀል ቢፈጽም ሊዳኙት አይችሉም ብሎ ወሰነ። እስከ 2022 ድረስ ከውጭ የመጣ ሰው ልጃቸውን ቢደፍር የራሳቸው ዳኛ አያየውም ነበር፤ የፌደራል ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን እስኪያነሣ ይጠበቅ ነበር። በ2013 የወጣ ሕግ ከፊሉን ብቻ አሻሻለ። ፊልሙ የሥልጣን ወሰኑን ነገር ነካ አድርጎት ያልፋል፤ ብርዱን ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ያሳየናል። ሐሜት የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ነውሩን ትናገራለህ፣ ነውሩን ያመጣውን ሰው አትጠራም።

ይኼ ስሜት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመካከላችን ወላጆቻቸው ከወሎ የሆኑ አሉ። በጥቅምት 1984 ኮረም ላይ የተቀረጸው የቢቢሲ ዘገባ ሐቅ ነበር፤ ሰው በረሀብ እየሞተ ነበር፣ ሥዕሉም ብዙ እርዳታ አምጥቷል። አልሐምዱሊላህ። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ያ ሥዕል ብቻ ሆንን። ወሎ ውስጥ መንዙማ እንዳለ፣ ገበያ እንዳለ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ እንዳለ ያ ካሜራ አልነገረም። ወደ ራሳችን ጠበብ አድርገን ብናየውም ያው ነው። ግቢ ውስጥ «ሙስሊም አትመስልም» ወይም «ሙስሊም አትመስይም» ያልተባለ ማን አለ? የሚናገረው ሰው ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ያሞገሰን ይመስለዋል። ምን መምሰል እንዳለብን የነገረው ግን ማነው? እኛ አይደለንም።

ለዚህ ነው «ስሞክ ሲግናልስ» የተባለውን የ1998 ፊልም ስናይ አንድ ቦታ ላይ አቁመን ወደ ኋላ መልሰን ያየነው። ዳይሬክተሩ ክሪስ አየር የሸየንና አራፓሆ ሰው ነው፤ ጽሑፉ የሸርማን አሌክሲ። ከአይዳሆ ሪዘርቬሽን የተነሡ ሁለት ወጣቶች፣ ቪክተርና ቶማስ፣ የሞተውን የቪክተርን አባት አመድ ለማምጣት በአውቶቡስ ወደ አሪዞና ይሄዳሉ። ቶማስ ወሬ የማያልቅበት ልጅ ነው። ቪክተር ተናደደና «እውነተኛ ኢንዲያን» እንዲመስል ያሠለጥነው ጀመር፤ ፊትህን ቋጥር፣ አትሳቅ፣ ጎሽ አድነህ የተመለስክ ምሰል ይለዋል። ቶማስ ታዲያ የእኛ ሰዎች እኮ ጎሽ አዳኞች ሳይሆኑ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ ብሎ ይመልስለታል። ቪክተር ጓደኛውን ያን «ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ» መቶ ጊዜ አይተሃል ብሎ ይወቅሰዋል፤ እሱ ራሱ ግን የሚያስተምረው ያንኑ ነው። የነባር ሕዝብ ልጅ ነባር መሆንን ከሆሊዉድ ሲማር! ፀጉሩን ፈትቶ፣ ፊቱን ቋጥሮ ወደ አውቶቡሱ ሲመለስ ደግሞ ወንበራቸውን ሁለት ነጮች ይዘውት ይጠብቁታል። የተቋጠረው ፊት ወንበር አላስመለሰለትም።

ዑለማኦች ከሐሜት ክልከላ ነጻ ያደረጓቸው ሁኔታዎች አሉ። ኢማሙ ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ስድስት ቆጥረዋል፤ የመጀመሪያው መዝሉም፣ ማለትም የተበደለ ሰው፣ በደሉን ሲያሰማ ነው። እሱ የሚናገረው አቤቱታ ይባላል እንጂ ሐሜት አይባልም። ልዩነቱን በአንድ ሌላ የክሪስ አየር ፊልም ላይ በግልጽ አየነው፤ በ2002 የወጣው «ስኪንስ» ነው። ቦታው ፓይን ሪጅ። አንዱ ወንድም ፖሊስ፣ ሌላው በመጠጥ የተበላሸ። ወዲያው «ሰካራም ኢንዲያን፤ ያው የድሮው ነገር» ልትሉ ትችላላችሁ፤ እኛም ብለናል። ግን ፊልሙ መጠጡ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። ፓይን ሪጅ ውስጥ መጠጥ መሸጥ ለረጅም ዘመን ክልክል ነው። ከወሰኑ ማዶ፣ ነብራስካ ግዛት ውስጥ ግን ኗሪዎቿ ሃያ የማይሞሉ ዋይትክሌይ የምትባል መንደር ነበረች፤ አራት ቢራ መሸጫ ነበራት፣ በዓመት ሚሊዮኖች ጣሳ ትሸጥ ነበር። ለሃያ ሰው አልነበረም! ሱቆቹ የተዘጉት በ2017 የግዛቱ የመጠጥ ኮሚሽን ፈቃዳቸውን አላድስም ስላለ ነው። በፊልሙ ላይ ፖሊሱ እንዲህ ያለ የወሰን መጠጥ ቤት በሌሊት ያቃጥላል፤ እሳቱ ውስጥ የገባው ግን የገዛ ወንድሙ ሆነ። ሰካራሙን ብቻ የሚያሳይ ፊልምና ሱቁንም የሚያሳይ ፊልም አንድ አይደሉም። መጠጥ ሐራም ነው ብለን የምናምን ሰዎች ይኼንን ከማንም ቀድመን ማየት ነበረብን፤ በኺምር ጉዳይ የሸጠውና የቀዳው ከጠጪው ጋር አብረው እንደሚጠየቁ ተምረናልና።

ከሁሉም በላይ የወደድነው ግን ስለ ቁስል ብዙ የማያወራው ነው። ከ2021 እስከ 2023 የታየው «ሪዘርቬሽን ዶግስ» ተከታታይ ድራማ ነው፤ በኦክላሆማ የተቀረጸ፣ ስተርሊን ሃርጆና ታይካ ዋይቲቲ የጀመሩት፣ ጸሐፊዎቹም ዳይሬክተሮቹም ዋና ተዋናዮቹም ነባር ሕዝቦች የሆኑበት። (አፋቸው አይመረጥም፤ ከታናናሾቻችሁ ጋር እንዳታዩት።) ጓደኛቸው የሞተባቸው አራት ልጆች ካሊፎርኒያ ለመሄድ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ የመጀመሪያው ክፍል ላይ የቺፕስ መኪና ይሰርቃሉ። ለአንዱ ልጅ በፈረስ የተቀመጠ የጥንት ተዋጊ መንፈስ ይገለጥለታል፤ ልክ እንደ ሲኒማው። ግን ተዋጊው በዚያ በታወቀው የሊትል ቢግሆርን ጦርነት ላይ አልተዋጋም፤ ለመዋጋት ሲጋልብ ፈረሱ ጉድጓድ ረግጦ ወደቀበትና ሞተ። ስድስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ክሊኒክ ወረፋ ይጠበቃል፣ አክስት ትቆጣለች፣ ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ ይቀልዳሉ፣ ሞትም አለ። ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዷ ከቤት መውጣትና መቅረት መሐል ስትዋልል አይተን፣ ከክፍለ ሀገር የመጣን ሁላችን ዝም አልን።

«ለእኛ ምን አገባን? የራሳችን ስንት ጉዳይ እያለ» ያለ ወንድም ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ስለራሳችን ጉዳይ የምንጠቅሰው መጽሐፍ የማን ነው? ሆሊዉድ ዐረቦችንና ሙስሊሞችን እንዴት እንደሣላቸው ከ900 በላይ ፊልሞች አንድ በአንድ አይቶ በ2001 ያሳተመው ጃክ ሻሂን ከሊባኖስ ቤተሰብ የተወለደ አሜሪካዊ ክርስቲያን ነበር። «ለእኔ ምን አገባኝ» ቢል ኖሮ እኛ ዛሬ የምንጠቅሰው አናገኝም ነበር። በሱረቱል ሑጁራትም አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳያፌዝ ስንከለከል፣ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ስንታዘዝ፣ ፊልም ሲሆን ይቀራል አልተባልንም። ስለ ሙስሊም የተሠራ ፊልም ሲመጣ ማን ሠራው፣ ለምን ሠራው ብለን እናጣራለን። ስለሌላው ሲሆን ፋንድሻ እንበላለን።

ሁሉንም ፊልም ነባሮቹ ብቻ ይሥሩት እያልን አይደለም። በስኮርሴዚ ፊልም ላይ የኦሴጅ ቋንቋ አማካሪ የነበረ ሰው በምረቃው ዕለት፣ ታሪኩ በኦሴጇ ሴት ዐይን ቢነገር ይወድ እንደነበር ለጋዜጠኞች ሲናገር ፊልሙን አላወገዘም። ያቺን ሴት ሆና የተወነችው ሊሊ ግላድስቶን፣ ሞንታና ውስጥ በብላክፊት ሪዘርቬሽን ያደገች፣ በዋና ተዋናይት ዘርፍ ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ነባር አሜሪካዊት ሆናለች። ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ የምንለው፣ አንድ ሕዝብ ሲሞት ብቻ ካየነው አላየነውም ነው። ናቫሆዎች በ1968 የመሠረቱት ዲኔ ኮሌጅ፣ በነባር ሕዝብ እጅ ያለ የመጀመሪያው ኮሌጅ ነው። ፈተና ስለሚያስጨንቀው ስለ አንድ የዚያ ኮሌጅ ተማሪ የተሠራ ፊልም እስካሁን አላጋጠመንም።

ይኼንን ስናወራ ያ «አልቀዋል» ያለው ወንድማችን ከአሳይመንቱ ቀና አለና «ምህንድስናስ አላቸው?» አለ። ኒው ሜክሲኮ፣ ክራውንፖይንት ላይ ያለው የናቫሆ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና እንደሚያስተምር ነገርነው። «እንግዲያው እነሱም ሰርኪት እየደገሙ ነዋ፣ ምስኪን» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።